በዛብህ የጻፈው ዕድሜ

የመናፈሻው ደንብ የተጻፈበት ሰሌዳ ከበሩ በስተቀኝ፣ ሰው ትኬት ለመቁረጥ ሲሰለፍ ዓይኑ በሚያርፍበት ቦታ ቆሟል። በዛብህ በቃሉ ያውቀዋል። በልጅነቱ ዳዊት እንደ ሸመደደ ሁሉ በስተርጅናው ይህንን ሸመደደ። ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ከብረት አጥሩ አልፎ ወደ ውሃው መጠጋት ክልክል ነው። የሰርግና የምርቃት ፎቶግራፍ ለብቻው ያስከፍላል። ከሰባት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በነጻ ይገባሉ። ዕድሜያቸው ከስድሳ አምስት ዓመት በላይ የሆኑ አረጋውያን መታወቂያ ሲያሳዩ በነጻ ይገባሉ።

በዛብህ ራሱ ስልሳ ሰባት ሞልቶታል። አብሮት በሩን የሚጠብቀው ጉተማ በዚህ ሳያላግጥበት የዋለ ቀን የለም።

"ኦቦ በዛብህ፣ እርስዎ እኮ በነጻ የሚገቡ ሰው ነዎት። ውስጥ ገብተው ሣሩ ላይ ጋደም አይሉም? ምን ያቆምዎታል?"

"ጡረታው ነዋ የሚያቆመኝ" ይለዋል በዛብህ። "እሱ ቢያስቀምጠኝ መች እቆም ነበር።"

አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እሱ ግን ወደ ሐዲዱ አልሄደም። የእጅ ጽሕፈቱ ያማረ ስለነበር ገና በሃያዎቹ ዕድሜው የቀበሌ ጸሐፊ አደረጉት። በዚያ ዘመን አቃቂ በሰቃ ውስጥ ማመልከቻ የሚያስጽፍ፣ መታወቂያ የሚያወጣ፣ የልደት ዘመኑን የሚያስመዘግብ ሰው ሁሉ በሱ ጠረጴዛ ፊት አልፏል። ዘመን አልፎ የእጅ ጽሕፈት በኮምፒውተር ሲተካ በዛብህም ጡረታ ወጣ። ሐይቁ ታጥሮ መናፈሻ ሲሆን ግን፣ ሰው አክባሪ ነው፣ ረጋ ያለ ነው ተብሎ በኮንትራት በሩ ላይ ቆመ። ሥራው ትኬት እየተቀበለ መቅደድ፣ መታወቂያ ማየትና ዘንቢል መፈተሽ ነው።

ውሃው ከመታጠሩ በፊት የማንም ነበር። ግድቡ ያቆመው ውሃ ቢሆንም ሰው ሁሉ ሐይቅ ነው የሚለው። ቅዳሜ ቅዳሜ የከባድ መኪና ሾፌሮች መኪናቸውን ያጥቡበታል፤ ሴቶቹ ምንጣፍና ብርድ ልብስ እየዘፈዘፉ ድንጋይ ላይ ይወቅጡታል፤ ልጆቹ ከነልብሳቸው ይገባሉ። ከሾፌሮቹ ሁሉ ድምፁ ጎልቶ የሚሰማው ደርዊሽ ነበር። የወሎ ሰው ነው፤ አሮጌ ኤን ትሬ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። መኪናዋን ልክ እንደ በቅሎ ጎኗን መታ መታ እያደረገ ያጥባታል። ሚስቱ ኡምሰልማ ደግሞ ከባለቤቷ አጠገብ፣ እግሯን ውሃው ውስጥ ነክራ ትቀመጣለች። የተወለደችው እዚያው ወሎ፣ ሐይቅ ዳር ስለሆነ ውሃ ካላየች ሳምንቱ አያልቅላትም ነበር።

በዛብህ የነዚህ ባልና ሚስት ወዳጅ ነው። የደርዊሽ ሰርግ ጊዜ ገና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበር። የክርስቲያን እንግዶች እሱና ሁለት ጓደኞቹ ብቻ ነበሩ። ደርዊሽ ግን ለነሱ ብሎ ሙክት ገዛ፣ የሚባርክ ክርስቲያን ጠራ፣ ለብቻቸው አሳረደላቸው። "ሦስት ሰው ሙሉ ሙክት አይጨርስም" ሲሉት፣ "ታዲያ እስክትጨርሱ ማን ወደ ቤታችሁ ይሸኛችኋል?" ብሎ ነበር የመለሰላቸው። ሦስት ቀን በልተው ነው የጨረሱት።

ከሰርጉ አሥራ አንድ ዓመት በኋላ ደርዊሽ ታሞ አልጋ ያዘ። ኤን ትሬዋም ቆመች። ኡምሰልማ ሥራ መፈለግ ነበረባት። የክር ፋብሪካው ሴቶች ይቀጥር ነበር፤ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የሆነችውን ግን አይቀበልም። ኡምሰልማ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ያን ቀን ወደ ቀበሌ መጥታ ከበዛብህ ጠረጴዛ ፊት ቆመች፤ ምንም አላለችም። በዛብህ የፋብሪካውን ደንብ ያውቅ ነበር። ብዕሩን ቀለም ነክሮ የትውልድ ዘመኗን ሰባት ዓመት ወደዚህ አምጥቶ ጻፈላት። ባማረ የእጅ ጽሕፈቱ፣ ያለ አንዳች ስርዝ ድልዝ። ሃያ አራት ዓመት ሆነች። በሳምንቱ ፋብሪካ ገባች። ያቺ ቁጥር ከዚያ በኋላ ከመታወቂያ ወደ መታወቂያ፣ ከመዝገብ ወደ መዝገብ ስትገለበጥ ኖረች፤ ማንም መልሶ አልጠየቃትም።

ደርዊሽ ከበሽታው ቢድንም ዕድሜው አልረዘመም። ካረፈ እነሆ ብዙ ዓመት ሆነው።

ያ የቅዳሜ ቀን የመጣው በዛብህ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በተቀበለ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። የእድሩን ሽማግሌዎች "ዘመዶቼ ናቸው" ብሎ ያለ ትኬት አስገብቶ ነበር። የበሩ ኃላፊ ሌንሳ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመት ያልሞላት፣ ትሑት ግን ቆፍጠን ያለች ልጅ ናት። ወረቀቱን በሁለት እጇ ነበር የሰጠችው። "ጋሼ፣ አቃቂ ውስጥ የእርስዎ ዘመድ ያልሆነ ሰው የለም። ሁሉንም ካስገባን ለማን ነው የምንዘጋው?" አለችው። ኮንትራቱ የሚታደሰው ሐምሌ ላይ ነው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ሲመጣ ከፊቱ በፊት ትኬት የያዘ እጁን ማየት ለመደ።

ኡምሰልማን ያየው ከሩቅ ነው። ከልጅ ልጇ ከአማል ጋር ከባጃጅ ወረደች። አማል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ኡምሰልማ በነጭ ጨርቅ የታሰረ ሳህን አቅፋለች። በዛብህ ዕለቱ ምን እንደሆነ ወዲያው ገባው፤ ደርዊሽ ያረፈበት ቀን ነው። ድሮ በየዓመቱ መኪናው ይታጠብበት ወደነበረው ቦታ ንፍሮ ይዛ ትመጣና ላገኘችው ልጅ ሁሉ ትዘግን ነበር። መናፈሻው ከታጠረ ወዲህ ስትመጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሌንሳ ከትኬት መስኮቱ ጎን ቆማ ሰልፉን ትመለከት ነበር። የበዛብህ እጅ ኪሱን ዳሰሰ።

"እንደምን ዋልክ በዛብህ" አለች ኡምሰልማ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ሳህኑ ምንድን ነው እናቴ? ምግብ መግባት አይቻልም።"

እናቴ የሚላት በሩ ላይ የማያውቃትን ሴት ሁሉ እንደሚላት ነው። ኡምሰልማ ሳህኑን ጠበቅ አድርጋ አቀፈች።

"ንፍሮ ነው። ሰደቃ።"

"ደንቡ አይፈቅድም።"

"እሺ ይቅር፤ እዚሁ አስቀምጠዋለሁ። እኛ እንግባ።" ወደ አማል ዞረች። "ላንቺ ቁረጪ። እኔ በነጻ ነኝ፤ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው።"

"መታወቂያ" አለ በዛብህ።

ሰጠችው። እሱ ሳያነብ አማል በትከሻው በኩል አሻቅባ አነበበችና ፊቷ ቀላ።

"አያቴ፣ እዚህ ላይ እኮ ስልሳ አንድ ነው የሚለው! በአላህ፣ ለትኬት ብለሽ ነው የምትዋሺው? ሼም ነው እኮ።"

ከኋላ የተሰለፈ ጎረምሳ ይህን ሰምቶ፣ "እማማ ገና ወጣት ናቸው፤ ይክፈሉ!" ብሎ ጮኸ። ሰልፉ ሳቀ።

ኡምሰልማ አልሳቀችም። አማልንም አላየችም። በዛብህን ነበር የምታየው።

"ዕድሜዬን ይህ ሰው ያውቀዋል" አለች።

ሌንሳ ቀና ብላ ወደ እነሱ ተመለከተች። በዛብህ ያን ጊዜ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የሚጠበቅበት። ብዕሩም፣ ቀለሙም፣ ያ የቀበሌ ጠረጴዛም በአንድ ጊዜ ፊቱ ድቅን አሉ። የጻፈው እሱ መሆኑ ቢታወቅስ? ማስጠንቀቂያ በተቀበለ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሌላ ወረቀት ቢመጣስ?

"እኔ የማውቀው መታወቂያው ላይ ያለውን ነው" አለ።

ኡምሰልማ መታወቂያዋን ተቀበለች። አማል "ልክፈልልሽና እንግባ" ብትላትም እምቢ አለች። ሳህኑን በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠችና፣ "ሰደቃ ነው፤ ለናንተም ይሆናል። ብሉት" ብላ ወደ ባጃጁ ተመለሰች። ስትሄድ ጀርባዋ ቀጥ ያለ ነበር።

ጉተማ ጨርቁን ፈታ። "ስንዴና ሽንብራ! ጨውዋም ልክ ናት። ይምጡ እንጂ ኦቦ በዛብህ!" ብሎ ዘግኖ ሰጠው። በዛብህ አንድ ጉንጭ ጎረሰ። የቀረውን በጭብጡ እንደያዘ ሲመሽ በሩን ዘጋ።

ማታ ለሚስቱ ለፈለቀች፣ "ዛሬ አንዲት አሮጊት በመታወቂያ ጉዳይ ተመለሱ" አላት።

"ማን ናቸው?"

"እንጃ። አላውቃቸውም።"

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል የአገራችን ሰው። በበዛብህ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ወጊው እሱ ሆኖ ሳለ መርሳት አቃተው። ሰኞና ማክሰኞ በሩ ላይ ሲቆም፣ አሮጊት በመጣች ቁጥር ዓይኑ ይደነግጥ ነበር። ረቡዕ ፈለቀች ከወፍጮ ቤት ስትመለስ፣ "ኡምሰልማን አገኘኋት፤ ክስት ብላለች። ስላንተም ጠየቀችኝ፣ በሩ ላይ ብርዱ እንዳይመታው ጋቢ ይልበስ በይው አለችኝ" አለችው።

"ሌላስ?"

"ሌላ ምን ልትለኝ ኖሯል?"

ኡምሰልማ አላወጣችውም። ገበናውን ሸፍናለት፣ ጭራሽ ስለ ብርዱ አስባለት ነበር። ብትሰድበው፣ በየወፍጮ ቤቱ ብታሳጣው ይሻለው ነበር። ለፈለቀች ከቀበሌው ጠረጴዛ ጀምሮ እስከ ቅዳሜዋ ቀን ድረስ ያለውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ነገራት። ፈለቀች ዱቄቱን እንደ ያዘች ሰማችው።

"አላውቃቸውም አልከኝኮ" አለችው በመጨረሻ።

"አዎ።"

"ታዲያ ለኔ ምን ትናዘዛለህ? እኔ ቄስ ነኝ? ሂድ እንጂ!"

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ኪሎ ሙዝ ይዞ ወደ በሰቃ ሄደ። ኡምሰልማ በሩን ከፈተችና ሙዙን አየች።

"ሰው ታሞ ልትጠይቅ ነው? ወይስ የታመምከው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ግባ በል። አብሽር፣ ሰው በሙዝ ይድናል።"

ገብቶ ተቀመጠ፤ ግን ጀርባውን ወንበሩ ላይ አላሳረፈም። "ኡምሰልማ፣ በድዬሻለሁ። የማውቅሽን አላውቅም አልኩ። የጻፍኩትን እኔው፣ በገዛ እጄ የጻፍኩትን፣ መልሼ ባንቺው ላይ አነበብኩብሽ።"

"አውፍ ብያለሁ" አለች፤ እሱ ካሰበው ቶሎ። "ባጃጁ ውስጥ ሳለሁ ነው አውፍ ያልኩህ። ደርዊሽ ቢኖር ኖሮ፣ ፈርቶ ነው፣ ተይው ይለኝ ነበር።"

"አይበቃም። ወረዳ ሄጄ እመሰክራለሁ። ሦስት ሰው አምጥቼ ትክክለኛው ዕድሜሽ ይታረምልሽ። ጥፋቱም የኔ ነው ብዬ እፈርማለሁ።"

ኡምሰልማ እጇን አነሳች። "ተወኝ! በዚያች ቁጥር ሃያ ሁለት ዓመት እንጀራ በልቼባታለሁ። ደርዊሽን አሳክሜባታለሁ፣ ልጆቼን አሳድጌባታለሁ። ዛሬ ለመናፈሻ መግቢያ ብዬ ልካዳት? ወላሂ አላደርገውም።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እኔን ያቆሰለኝ ትኬቱ አይደለም በዛብህ። ያቺ ልጅ ናት። ውሸታም አያት ያላት መስሏት ከሳምንት በፊት ጀምሮ ዓይኔን አታይም። እኔ ብነግራት ራሴን ላድን የምዋሽ ነው የሚመስላት። የጻፈው ይንገራት።"

አማል ከጎረቤት ስታጠና ቆይታ ስትመጣ በዛብህን ስታይ በሩ ላይ ቆመች። እሱም ተነሥቶ ቆመ። አንድም ነገር ሳያሳምር ነገራት፤ የደርዊሽን ሕመም፣ የፋብሪካውን ደንብ፣ ብዕሩን፣ ሰባቱን ዓመት።

"ስልሳ ስምንት ናት ማለት ነው" አለች አማል።

"ስልሳ ስምንት ናት።"

"ታዲያ በሩ ላይ ለምን አልተናገሩም?"

በዛብህ ለዚህ ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ መልስ ሲያዘጋጅ ነበር፤ ስለ ደንብ፣ ስለ ኮንትራት፣ ስለ ኑሮ ውድነት። ሁሉንም ተዋቸው።

"ፈራሁ" አለ።

"እርስዎ ስለ ፈሩ እኔ አያቴን በሰው ፊት ውሸታም አልኳት።" የልጅቷ ድምፅ ተሰበረ። "እሱን ማን ያርምልኛል?"

ኡምሰልማ፣ "ነይ ወደዚህ" ብላ ስባ እቅፏ ውስጥ ከተተቻት። በዛብህም መሄድ እንዳለበት ገባው። ይቅርታ ተደርጎለት ነበር፤ ግን ከመጣበት ይልቅ ሲወጣ ሸክሙ ከበደው። የሱን ፍርሃት ተከትሎ አንዲት ልጅ አያቷን በድላለች፤ ያ ደግሞ ለሱ በተደረገው ይቅርታ አልተሰረዘም።

ሰኞ ጠዋት ሌንሳ ቢሮ ገብቶ ነገራት። ኮንትራቱ ቢቀር ይቅር ብሎ ነው የገባው። ሌንሳ እስኪጨርስ አላቋረጠችውም። ከጨረሰ በኋላ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ የኔ አያት መታወቂያ ላይ የተወለዱት ከአባቴ በኋላ ነው።" ፈገግ አለች፤ ወዲያው ግን ፈገግታዋ ጠፋ። "ያን ቀን እኮ እያየሁዎት ነበር። እማማ ይህ ሰው ያውቀዋል ሲሉ መልስዎን ነበር የምጠብቀው። አዎ፣ ስልሳ ስምንት ናቸው ቢሉኝ በቃልዎ አስገባቸው ነበር። ማስጠንቀቂያውን የሰጠሁዎት ውሸት ይበቃል ብዬ እንጂ እውነቱን ይተዉ ብዬ አልነበረም።"

በዛብህ ከቢሮዋ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። በሩ ያን ቀን ተከፍቶለት ነበር፤ የዘጋው እሱ ነው። ለዚህች ሐሳብ ምንም ማስታገሻ አላገኘላትም። ጉተማ እንኳ ፊቱን አይቶ ያን ቀን አላላገጠበትም።

ቅዳሜ ኡምሰልማና አማል ተመልሰው መጡ። ዛሬ ሳህን አልያዙም። አሥር ሰዓት ገደማ ነበር፤ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የመጡ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ተሰልፈዋል። ሌንሳ አየቻቸውና ከመስኮቱ ወጥታ መጣች።

"እማማ፣ ይግቡ። ለእርስዎ ነጻ ነው፤ ጋሼ ነግረውኛል።"

"አላህ ያክብርሽ ልጄ" አለች ኡምሰልማ። "ግን እከፍላለሁ። በዚህች ዕድሜ ሥራ ገብቼባታለሁ፤ አሁን ስታስከፍለኝ ልክዳት አይሆንም። አማል፣ ክፈዪ።"

"አያቴ ደሞ፣ ነጻ ነው እያሉሽ እኮ ነው!"

"ክፈዪ ብያለሁ።"

አማል በስልኳ ከፈለች። ሁለት ትኬት ይዘው ወደ በዛብህ መጡ። ኡምሰልማ የራሷን ዘረጋችለት፤ "በል ቅደድ" አለችው። በዛብህ ትኬቱን ያዘ፤ ግን አልቀደደውም።

አማል እንዳቀረቀረች ቆማ ነበር። ድንገት ቀና አለችና ሰልፉ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ጠየቀችው።

"ጋሼ በዛብህ፣ አያቴ ስንት ዓመቷ ነው?"

ሰዎች ዞረው ተመለከቱ። በዛብህ የልጅቷ ፊት መቅላቱን አየ፤ ከዚያ ቀን ስድቧ ይልቅ ይህን መጠየቅ እንዴት እንደከበዳትም አየ።

"ስልሳ ስምንት" አለ፤ ድምፁ ከጠበቀው በላይ ጮኸ። "ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። መታወቂያዋ ላይ ሰባት ዓመት የቀነስኩት እኔ ነኝ። እሷ አልዋሸችም።"

ከሰልፉ ነገሩ የገባው ሰው አልነበረም። አማል ግን ለአያቷ ትከሻዋን ሰጠቻት፤ ኡምሰልማም ተደገፈችባት።

"ጋሼ!" ብላ ጮኸች ከመጨረሻ ሕፃን የታቀፈች ሴት። "ይቅደዱላቸውና ይለፉ እንጂ፤ ፀሐዩ ልጄን ጨረሰው!"

በዛብህ ትኬቱን ቀደደ።